በገዛ ቤት ደጅ ጥናት

በድሮው ሥርዓት ደጅ የሚጠና ሰው የሚቆመው ከሌላ ሰው ደጅ ነበር። ርስቱን የተነጠቀ፣ ሹመት የተመኘ፣ ፍርድ የዘገየበት ሁሉ ስንቁን ይዞ ከቤቱ ይወጣና ከጌታው በር ይውላል። ጌታው ሲወጣና ሲገባ እጅ ይነሣል፤ የሚያስታውስለት ሰው እስኪያገኝ ይጠብቃል። ጥበቃው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅ ነበር። በዚያ ሁሉ እንግልት ውስጥ ግን አንድ ነገር አልተናጋም፤ ሰውየው የሚጠብቀው ገና እጁ ያልገባውን ነገር ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ የገዛ በሩን ለመክፈት የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

አሁን ይህ ተገልብጧል። ሐይቅ ከተማ ያለ አንድ ወጣት ትናንት ሲጫወተው ያመሸውን ጌም ዛሬ ሊከፍት ይነካዋል። ጌሙ እዚያው ስልኩ ውስጥ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ከትናንት ወዲህ የተበላሸ ነገር የለውም። የሚወጣለት ጽሑፍ ግን አዲስ ስሪት መጥቷልና መጀመሪያ አፕዴት ይደረግ የሚል ነው። ከሥሩ ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። "ቆይ፣ ለዛሬ እንዳለ ልጫወት" የሚል ቁልፍ አልተሠራለትም። ወጣቱ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እቃው ፊት ደጅ ይጠናል።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወልዲያ መንገድ ላይ የተቀመጠች የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። በዚያው አስፋልት ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ይመጣል። መንገዱን ተከትሎ ኔትወርክ አለ፤ ወደ ገደሉና ወደ አምባው ሲገቡ ግን ስልኩ ላይ ያለው ምልክት እየሳሳ ይሄዳል። አገሪቱ የባሕር በር ስለሌላት ከውጭ የሚመጣው ዳታ በባሕር ኬብል እስከ ጎረቤት አገር ይደርስና በየብስ መስመር ይገባል። ይህን ሁሉ አቋርጦ ከአንድ ስልክ የሚደርሰው ፍጥነት በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን፣ 1 ጊጋባይት ለማውረድ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። 10 ጊጋ ከሆነ ወደ 22 ሰዓት ነው። ከ200 ጊጋባይት በላይ ቦታ በመያዝ ስሙ የወጣውን ኮል ኦፍ ዱቲ ሞደርን ዋርፌር የተባለ ጌም በዚህ መስመር እንደ አዲስ ላውርድ ያለ ሰው ከ18 ቀን በላይ ሌት ከቀን መጠበቅ አለበት።

ይህ ስሌት ደግሞ መብራት እንደማይጠፋና መስመሩ እንደማይቆራረጥ አድርጎ የተሰላ ነው። መብራት ይጠፋል፤ መስመሩም ይቆራረጣል። ሲመለስ አንዳንዱ ጌም ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ከዜሮ ይጀምራል። የተገዛው የዳታ ጥቅል የጊዜ ገደብ አለው፤ ማውረዱ ሳያልቅ ጥቅሉ ያልቃል። ስለዚህ የሌሊት ጥቅል እየገዙ ስልክን ቻርጀር ላይ ሰክቶ መተኛት የተለመደ ዘዴ ነው። ጠዋት አንዱ ልጅ ሌላውን "አለቀልህ?" ይለዋል። "የት አለቀ፣ አርባ ሁለት ላይ ቀጥ ብሎ አደረ" ይላል ያኛው። ይህን ንግግር የሰማ ሽማግሌ ስለ እህል ወይም ስለ ወፍጮ የሚያወሩ ሊመስለው ይችላል፤ ልጆቹ የሚያወሩት ግን ለመጫወት ስለ መፈቀድ ነው።

ለአፕዴት የሚቆመውን ክርክር ሳልሰማ ማለፍ አልፈልግም። ጌም የሚሠሩ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ስሕተታቸውን ማረም ደግሞ ግዴታቸው ነው። ለሌባ የሚሆን ቀዳዳ ከተገኘ መደፈን አለበት። ሁለት ሰዎች አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ ናይሮቢ ተቀምጠው በኢንተርኔት ሲገጥሙ በእጃቸው ያለው ስሪት አንድ ካልሆነ፣ ኳሷ በአንዱ ስክሪን ጎል ትገባለች፣ በሌላው ወደ ውጭ ትወጣለች። ሕጉ ለሁለቱም አንድ መሆን ይኖርበታል። ገበጣ የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ከተለያየ ቀዬ የመጡ ሁለት ሰዎች ገበጣው ፊት ሲቀመጡ ጠጠሩ ከመነሣቱ በፊት በየትኛው አገር ሕግ እንደሚጫወቱ ይነጋገራሉ። አንደኛው "እኛ ጋ እንዲህ አይደለም" ይላል፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። ሁለት ሰው ባለበት ጨዋታ መጀመሪያ ሕጉን ማስተካከል ተገቢ ነው፤ ጊዜ ቢወስድም ይወስዳል።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ብቻዬን ስጫወትስ? ከኮምፒውተሩ ጋር ኳስ ስገጥም፣ ማንም በሌለበት መንገድ መኪና ስነዳ፣ የጀመርኩትን ታሪክ ስቀጥል ከማን ጋር ነው ሕጌ አንድ መሆን ያለበት? ናይሮቢ ያለው ሰው በእኔ የብቻ ጨዋታ ምን ያገባዋል? አፕዴቱ በሁለት ሰዎች መካከል የሚያስፈልገውን ስምምነት ምክንያት አድርጎ አንድ ሰው ብቻውን ያለበትን ክፍል ጭምር ይቆልፋል። እኔ የምቃወመው ለውጡን አይደለም። የምቃወመው በእጄ ያለው ነገር ገና በእጄ ላልገባው ነገር መያዣ መሆኑን ነው።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ጌም በካሴትና በሲዲ በሚሸጥበት ዘመን ሠሪው ሥራውን ጨርሶ ነበር የሚያትመው፤ ከታተመ በኋላ እጁ እምብዛም አይደርስበትም። በ2003 እ.ኤ.አ. ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስቲም የተባለውን አገልግሎት አወጣ። አንዱ ሥራው ጌሞችን በራሱ ጊዜ እያደሰ ሁሉም ሰው እጅ አንድ ስሪት እንዲኖር ማድረግ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የኩባንያው ጌም ሃፍ ላይፍ 2 ሲወጣ ሲዲውን ከሱቅ የገዛ ሰው እንኳ ለመጫወት መጀመሪያ ኢንተርኔት መግባት ግድ ሆነበት። ዛሬም በስቲም ላይ አንድ ጌም መቼ አፕዴት እንደሚደረግ መምረጥ ይቻላል፤ አፕዴቱን ጨርሶ መተው ግን በምርጫው ውስጥ የለም። ከመስመር ውጭ መጫወት የሚያስችል አማራጭ አለ፤ ሆኖም አፕዴት እንደመጣ ካወቀ በኋላ ሳያወርድ በቀላሉ አይከፍትም።

የሠሪዎቹም ልማድ አብሮ ተለወጠ። በኋላ ማረም ከተቻለ ዛሬ መጨረስ ለምን ያስፈልጋል? የእኛ አገር ወጣት በፕሌይስቴሽን ቤት ያደገበት የኮናሚው የኳስ ጌም፣ ፔስ የምንለው፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ኢፉትቦል ተብሎ በነጻ የሚታደልና በኢንተርኔት የሚኖር ጌም ሆኖ ወጣ። ሲወጣ ያላለቀ ነበር፤ የተጫዋቾቹ ፊት ሳይቀር መሳቂያ ሆነና ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። የሚታረመው በአፕዴት ነው፤ አፕዴቱ ደግሞ በተጫዋቹ ዳታና በተጫዋቹ ሌሊት ነው። የሥራው የመጨረሻ ክፍል ከሠሪው ቢሮ ወጥቶ ወደ ተጫዋቹ ቤት ተዛወረ ማለት ነው። ፈጣን መስመር ያለው ሰው ይህ መዛወር አይታወቀውም፤ ሻይ ቀድቶ ሲመለስ አልቋል። ሙሉ ዋጋውን የሚከፍለው ከሠሪው በጣም የራቀው ነው። ለአንድ ለውጥ ቶኪዮ ያለው ሰው ሦስት ደቂቃ፣ ውጫሌ ያለው ሰው ሁለት ሌሊት ይከፍልበታል፤ የሚደርሳቸው ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው።

የሚወርደው ነገር ትልቅ የሚሆንበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ለውጡ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ስቲም ፋይሎችን 1 ሜጋባይት ያህል በሚሆኑ ቁራጮች ከፍሎ የተለወጡትን ብቻ ለመላክ ይሞክራል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ግን ሁሉን ነገር በአንድ ግዙፍ ፋይል ጠቅልለው ከሆነ፣ አንድ ማልያ ሲቀየር የፋይሉ ውስጥ አሰላለፍ ይናጋና ያልተነካውም እንደ ተነካ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ፋይል በጥንቃቄ ማሰናዳት ይቻላል። ለማሰናዳት ግን አንድ ሰው፣ በዚያ ሩቅ ቢሮ ተቀምጦ፣ እያንዳንዷ ሜጋ የምትከፈልበት ቦታ እንዳለ ማሰብ ይኖርበታል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ይህ ሐሳብ ነው፤ ከተንኮል ይልቅ አለመታሰብ ነው የሚጎዳን።

"ጌም ነው፣ ምን አለበት" የሚል ሰው ይኖራል። ለእሱ መልስ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ቀላል ስላልሆነ። የኔዘርላንድሱ የታሪክ ጸሐፊ ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሆሞ ሉደንስ በተባለ መጽሐፍ ጨዋታ ከሁሉ በፊት በፈቃድ የሚደረግ ነገር መሆኑን፣ በትእዛዝ የሚደረግ ጨዋታ ጨዋታነቱን እንደሚያጣ፣ ከተለመደው ኑሮ የተከለለ የራሱ ጊዜና ቦታ እንዳለው አስረድቷል። ሰው በሌላው ሁሉ ግዴታ አለበት። የሐይቅ ልጅ ትምህርት አለበት፣ እናቱን ማገዝ አለበት፣ ሱቅ ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል። ከዚህ ሁሉ ተርፋ የምትገኝ፣ መብራት ባለባት ሰዓት ላይ የወደቀች አንዲት የጨዋታ ሰዓት አለችው። ያቺ ሰዓት የእሱ ብቻ ናት። የአፕዴቱ ግዴታ ከዚያች ሰዓት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀው የሚወስድበት ጊዜውን ብቻ አይደለም። ፍላጎቱም ይሄዳል። የማውረጃው መስመር ስክሪኑ ላይ መቶ እስኪሞላ የተቀመጠ ልጅ ጌሙ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ደክሞታል፤ ወይም መብራቱ ጠፍቷል፣ ወይም እናቱን የማገዝ ተራ ደርሷል። ሰው በጣም ነጻ በሚሆንበት ቦታ መታዘዝን ከለመደ ሌላ ቦታ እንዴት እምቢ እንደሚል አላውቅም።

ደጅ ጥናት ቢያንስ ፊት ነበረው። ደጅ ጠኚው ጌታው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ከጎኑ የሚጠብቁትን ያያል፤ አማላጅ ይፈልጋል፤ ሲመረው ይጮኻል። ስክሪኑ ላይ የሚሞላው መስመር ግን ማንም የለበትም። የሚያሳየው የቀረ ሰዓት እንኳ በዚያች ቅጽበት ፍጥነት የተሰላ ስለሆነ አንዴ "40 ደቂቃ" ይላል፣ መስመሩ ሲደክም "2 ቀን" ይላል። አማላጅ የሚላክበት ቤት የለም።

እዚህ ላይ አምባሰል ራሷ የምታስተምረን ነገር አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ ዳግማዊ ምኒልክና የጣልያኑ ወኪል ፒየትሮ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ውጫሌ ሲነሣ ሁሉም የሚያነሣው አማርኛውና ጣልያንኛው የተለያዩበትን 17ኛውን አንቀጽ ነው፤ ማንሣትም ይገባዋል። እኔ ግን ማንም የማያነሣው 16ኛው አንቀጽ ነው የሚይዘኝ። ስለ ለውጥ የሚናገር አንቀጽ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በውሉ ላይ ማሻሻያ ማድረግ ቢፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን ከ1 ዓመት በፊት ማስታወቅ አለበት፤ የግዛት ጉዳይ ግን በማሻሻያው አይነካም ይላል።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ያለውን አስተሳሰብ እናስተውል። ነገር እንደሚለወጥ ያውቃል፤ ለውጥን አይከለክልም። ይሁን እንጂ ለዋጩ አስቀድሞ እንዲናገር፣ ተናግሮም እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። በሚጠብቅበት ዓመት የድሮው ውል ይሠራል፤ ነጋዴው ይነግዳል፣ መንገደኛው ይሄዳል። መብቱም የአንድ ወገን አይደለም፤ የሮማም የአዲስ አበባም ነው። ከዚያም አልፎ ማሻሻያ የማይደርስበት ክልል አስቀምጧል። ምኒልክ ውሉ እንደተጣመመባቸው ባወቁ ጊዜ በየካቲት 1885 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ውሉ በሚያዝያ 1886 እንደሚያበቃ አስታወቁ። አምስቱ ዓመት የሚሞላበት ጊዜ ነው፤ ማስታወቂያውም ከዓመት በላይ ቀድሞ ነው የተላከው። የተታለለው ወገን ማታለያ ከተሸሸገበት ውል የወጣው ውሉ ራሱ ያስቀመጠውን ሥርዓት አክብሮ ነው። በሌላ በኩል ያለው ወገን በቅንነት አልያዘውምና ነገሩ በ1888 ዓድዋ ላይ ተቋጨ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ቅኝ ለመግዛት በተነሣ መንግሥትና በአንድ ንጉሠ ነገሥት መካከል የነበረ ውል የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ነበረው። በእኔና በጌሜ መካከል ያለው ውል የአንድ ቀን እንኳ የለውም። ማስታወቂያው የሚደርሰኝ በሩ ላይ ነው፤ መቀበያ ቁልፍ እንጂ ማቆያ ቁልፍ የለውም፤ አንዳንዴም ረጅም የስምምነት ጽሑፍ ያስከትላል፤ ማሻሻል የሚችለው አንደኛው ወገን ብቻ ነው። "የግዛት ጉዳይ ግን አይነካም" የሚለው ሐረግ የሚያስቀናኝ ለዚህ ነው። የተጫዋቹ ግዛት ምንድነው? ትናንት የደረሰበት ደረጃ፣ የለመደው እጅ፣ ብቻውን የሚጫወትበት ክፍል። ማሻሻያ ሊደርስበት የማይገባው ይህ ነበር። ለውጡ ይምጣ፤ መጠበቅ ያለበት ግን ለውጡ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሰውየው ሲጫወት ቀስ እያለ ከበስተኋላ ይውረድ፣ ሦስት ሌሊት ይፍጅ፣ ሲያልቅ "ደርሻለሁ" ይበል።

ከውጫሌ ወደ ደቡብ ተመልሰን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር ብንቆም ሌላ ዓይነት የማረም ሥርዓት እናገኛለን። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው ዘንድ ተምረዋል። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ከዘመናቸው ተርፈው ከደረሱን ጥቂት መጻሕፍት አንዱ ነው። በዚህ ወንጌል ባዶ ቦታዎች ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርና ሌሎች ማስታወሻዎች ተጽፈውበታል። መጽሐፉ ወንጌል መሆኑ ሳይቀር የቤቱ መዝገብ ሆነ። በ20ኛው መቶ ዘመንም በማይክሮፊልም ተነሥቶ ቁጥር 1832 ተብሎ ተመዘገበ፤ ለመነሣት ሲባል ከቅጠሉ የተቀነሰ የለም።

ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ሲሳሳት የሚያርምባቸው መንገዶች አሉት። የተረሳውን ቃል በመስመር መካከል አስጠግቶ ይጽፋል፤ ወይም በኅዳጉ ያወጣዋል። የተሳሳተውን በካራ ፍቆ በላዩ ይጽፋል፤ ፍቀቱም ቢሆን ቆዳው ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ የሚያውቅ ዓይን ያነበዋል። አራሚው ከጸሐፊው መቶ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ዋናው ነገር ግን እርማቱ መጽሐፉን አይዘጋም። ሌሊት ለማኅሌት የቆመ አንባቢ "እርማት እየገባ ነውና መቶ እስኪሞላ ጠብቅ" አይባልም። ያለውን ያነባል፤ የታረመውንም ያያል፤ የትናንቱና የዛሬው ከአንድ ገጽ ላይ ናቸው። በአፕዴት የትናንቱ ይጠፋል። አንድ ሰው ከዓመት በፊት የነበረውን ስሪት ማየት ቢፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያይበት ቦታ የለም፤ እንደ ነበረ የሚያውቁት የተጫወቱት ብቻ ናቸው።

ፍጻሜው ምን እንደሚመስልም ታይቷል። ዩቢሶፍት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጌም ብቻቸውን ለሚነዱም ጭምር ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘትን ይጠይቅ ነበር። ማርች 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ከፍለው የገዙት ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሮስ ስኮት የተባለ ሰው የጀመረው፣ ጌም መግደል ይቁም የሚል ዘመቻ በአውሮፓ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። ካሊፎርኒያም በዚያው በ2024 እ.ኤ.አ. የዲጂታል ዕቃ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። የሐይቁ ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ሲነበብ ኖሯል፤ ያ ጌም አሥር ዓመት አልሞላውም።

እኛ ይህን ከአውሮፓውያኑ በፊት አውቀነዋል፤ ያወቅንበት መንገድ ግን መራራ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወሎ ገብቶ በ2014 ዓ.ም. ደሴ ሲደርስ ከደሴ እስከ ወልዲያ መብራትና ስልክ ጠፍቶ ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞንም የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራት ሳይከፈት ቆየ። በዚያ ጊዜ የጌም ነገር ከጭንቆች ሁሉ የመጨረሻው ነበር፤ ሰው የሚጨነቀው ለቤተ ዘመዱ ድምፅ፣ ለሚላክለት ገንዘብ፣ ለትምህርቱ ነው። ነገር ግን ጭንቅ ባለበት ጊዜ ነው ልጅ ቤት ውስጥ የሚውለው፤ ቤት ውስጥ ሲውልም ጨዋታ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። በእነዚያ ወራት የትኛው ጌም የማን እንደሆነ ተለየ። በሲዲና በፍላሽ የመጣው፣ ከጓደኛ ስልክ በዜንደር የተላለፈውና በሩ ላይ ምንም የማይጠይቀው ተከፈተ። ለመክፈት መጀመሪያ ሩቅ አገር የሚጠይቀው አልተከፈተም። መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ስልኩ ውስጥ የወራት አፕዴት ተከማችቶ ይጠብቅ ነበር። ሰው መጀመሪያ ያደረገው የናፈቀውን መደወል ነው፤ ዳታው ግን ከበስተኋላ በአፕዴት ያልቅበት ነበር።

የጌም ቤት ባለቤቶች መላውን አግኝተውታል። አሮጌውን ፕሌይስቴሽን ከኢንተርኔት ሳያገናኙ ያኖሩታል። ያለው ፔስ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ ነው፤ አሁን ጡረታ የወጡ ተጫዋቾች እዚያ ውስጥ ይሮጣሉ። ልጆቹ ስም ይቀያይራሉ፣ አሰላለፍ ይሠራሉ፣ ተሸናፊው ይከፍላል። ከጎን ለሚጠብቀው ተራው ሲደርስ "ግባ" ይሉታል፣ ይገባል። የሚቀርባቸው ነገር እንዳለ አልክድም፤ አዲሱን ቡድን አያዩም፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር አይገጥሙም። ይህን ምርጫ ለእነሱ የተወላቸው ግን ማንም አይደለም፤ ገመዱን ነቅለው የወሰዱት ነው። ገመድ መንቀል የመብት ማስከበሪያ ብቸኛ መንገድ ሲሆን የተሠራው ነገር ላይ ጉድለት አለ።

ሌላ መንገድ እንዳለም ሠሪዎቹ ራሳቸው አሳይተዋል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስቲም በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች አንዱ ያወረደውን ሌላው በውስጥ መስመር እንዲቀበል አስችሏል፤ አሥር ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት አንዱን ፋይል አሥር ጊዜ ከባሕር ማዶ ማምጣት አይኖርበትም። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጎግ የተባለው የፖላንድ መደብር ደግሞ የገዛኸውን ጌም ያለ ኢንተርኔት የሚጫን ፋይል አድርጎ ይሰጥሃል፤ በሃርድ ዲስክህ ታኖረዋለህ፤ አፕዴት ቢመጣ የምታወርደው ስትፈልግ ነው። እንግዲህ በሩን መዝጋት የቴክኒክ ግዴታ አይደለም። አንድ ሰው ተቀምጦ የወሰነው ነገር ነው።

ውሳኔው የውጭ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ዛሬ እኛም በወሳኞቹ ወንበር እየተቀመጥን ነው። ገበያ መሐል ቆሞ ሒሳብ ሊከፍል ስልኩን ያወጣ ሰው የባንኩ መተግበሪያ "መጀመሪያ አፕዴት ያድርጉ" ብሎት ከሻጩ ፊት ሲያፍር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያን የሠሩት የእኛው ልጆች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና፣ ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በየቤቱ ከዩቲዩብ የሚማረው ወጣት ሁሉ ነገ መተግበሪያና ጌም ይሠራል። ለእነዚህ ልጆች የምለምነው ነገር አለኝ። ሥራችሁን ፈጣን ዋይፋይ ባለበት ቢሮ ብቻ አትሞክሩት። ርካሽ ስልክ ይዛችሁ ውጫሌ ሂዱ፤ ገበያ በሚውልበትና ኔትወርኩ በሚጨናነቅበት ቀን ሂዱ። ያላችሁ ትንሿ ጥቅል ትሁን። አዲሱን ስሪት ልቀቁና የድሮው በተጫነበት ስልክ ላይ ክፈቱት፤ ከዚያም ዳታውን አጥፍታችሁ ድገሙት። የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍን እርማት ከሆነ ለብቻው ለይታችሁ አሳንሱት፤ ማልያና ጌጥ የሚቀይር ከሆነ እስከ ሌሊት ይቆይ። ብቻውን የሚጫወተው ሰው ክፍል ዳታው ጠፍቶም መከፈቱን ሳታዩ ወደ ደሴ አትመለሱ።